ልጆች በአየር ጠመንጃ የሚለማመዱበት አዳራሽ እንዴት ይሰናዳል?

በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር፣ የኢላማው እምብርት ላይ ያለችው ነጥብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በእስክሪብቶ ጫፍ አንዴ ነካ የተደረገች ትመስላለች። እሷን ደጋግሞ ለመምታት ከጉልበት ይልቅ የተረጋጋ ትንፋሽ፣ የማይነቃነቅ እግርና ጸጥታ ያስፈልጋል። ለዚህም ይመስለኛል ታዳጊዎች የሚደምቁት። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በዚህ ውድድር የሴቶችን ወርቅ የወሰደችው ደቡብ ኮሪያዊት ባን ህዮ ጂን ገና 16 ዓመቷ ነበር። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክን የመጀመሪያ ወርቅ ያገኘችው አሜሪካዊት ጂኒ ትራሸርም የ19 ዓመት ልጅ ነበረች።

በአሜሪካ ብዙ ልጆች ይህን ስፖርት የሚጀምሩት ጄ.አር.ኦ.ቲ.ሲ. በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ትምህርት ውስጥ፣ ወይም ፎር ኤች በተባለው የወጣቶች ማኅበር በኩል ነው። እዚያ ያለ የእኛ ሰው ቤትም አንድ ቀን ልጅ የሚፈረም ወረቀት ይዞ ሊገባ ይችላል። ጠመንጃን በጦርነት ለሚያውቅ አባት ወይም እናት ወረቀቱ ቀላል አይደለም። መፍራታቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ከመፈረም ወይም ከመከልከል በፊት መታየት ያለበት ልጁ የሚለማመድበት ክፍል ነው። ልጅን «ተጠንቀቅ» ማለት ተገቢ ነው፣ ግን አይበቃም። ልጅ ይዘነጋል፣ ይቸኩላል፣ ጓደኛው ሲጠራው ዞር ይላል። ክፍሉ መሰናዳት ያለበት ልጁ የተሳሳተ ዕለት ማንም እንዳይጎዳ ታስቦ ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያውን እንወቀው። የአየር ጠመንጃ ባሩድ የለውም። ጥይቱን የሚገፋው የታመቀ አየር ነው። ለውድድር የሚያገለግለው ጥይት ወገቡ ሰርጎድ ያለ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋትና ግማሽ ግራም ገደማ ክብደት ያለው የእርሳስ ፍሬ ነው። በአሜሪካ የታዳጊዎች ውድድር ደንብ የጥይቱ ፍጥነት በሰከንድ ከ600 ጫማ፣ ማለትም ከ183 ሜትር ገደማ፣ እንዳያልፍ ይጠይቃል። ይህ ከእውነተኛ ጥይት ጋር ሲወዳደር በጣም ትንሽ ነው፤ ዓይን ላይ ካረፈ ግን ያሳውራል። ስለዚህ መጫወቻ ነው የሚል አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከተኳሹ ጀምሮ ቆሞ እስከሚያየው ሰው ድረስ ሁሉም የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ አለበት።

ቦታው ውድ መሆን የለበትም። የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቅርጫት ኳስ ሜዳ ወርዱ 15 ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ሜዳው በወርዱ ከተያዘ 10 ሜትሩ ለተኩስ፣ የቀረው ደግሞ ለተኳሾች፣ ለአሰልጣኙና ተራ ለሚጠብቁ ልጆች ይሆናል። በርዝመቱ በኩል ለአንድ ተኳሽ ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ቢመች ደግሞ ከዚያ ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል። በዚህ ስሌት 20 ልጅ ማሰለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ለጀማሪዎች ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ በአንድ ጊዜ መሰለፋቸውን አልደግፍም። የአሰልጣኝ ዓይን ሁለት ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚታዩት በሮች ናቸው። ከተኩስ መስመሩ ፊት ለፊትም ሆነ በጎን ወደ ኢላማው የሚያስገባ በር ካለ በልምምድ ሰዓት ከውስጥ ይቆለፋል። «ተኩስ አለ» የሚል ወረቀት መለጠፍ የቁልፍን ቦታ አይተካም፤ ኳሱን ረስቶ ሊወስድ የሚሮጥ ልጅ ወረቀት አያነብም። እርግጥ በሩ ለእሳት አደጋ መውጫ የተመደበ ከሆነ እሱን መቆለፍ ራሱ ሌላ አደጋ ነው። ያን ጊዜ ኢላማው ወደ ሌላኛው ግድግዳ መዞር አለበት። ሰው ሁሉ የሚገባውና የሚወጣው ከተኳሾቹ ጀርባ ባለው በር ብቻ ይሁን። በኢላማው በኩል ያሉ መስኮቶችም ይሸፈናሉ።

ቀጥሎ ጥይቱ የሚያርፍበት ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ሁለት መከላከያ ያስፈልጋል። አንዱ ከእያንዳንዱ ኢላማ ጀርባ የሚቀመጥ የጥይት መያዣ ሳጥን ነው። ጥሩዎቹ ውስጣቸው ዘመም ተደርጎ የተገጠመ ወፍራም ላሜራ አላቸው፤ ጥይቱ ላሜራውን ሲመታ ወደ ተኳሹ ሳይመለስ ወደ ታች ይወርድና ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል። ገንዘብ የሌለው ክለብ ጠንካራ ካርቶን ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ በመሙላት መጀመር ይችላል። ነገር ግን በመቶ የሚቆጠሩ ጥይቶች አንድ ቦታ ላይ ሲያርፉ ወረቀቱ መሐሉ ይበላል፤ ስለዚህ በየጊዜው ካልታየና ካልተቀየረ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ይሆናል።

ሁለተኛው መከላከያ ሳጥኑን ጭምር የሳተውን ጥይት የሚይዘው ነው። ጀማሪ ልጅ ሳጥኑን ይስታል፣ ይህ የታወቀ ነው። ከሳጥኖቹ ጀርባ በተኩስ መስመሩ ርዝመት ልክ ወፍራም ኮምፔርሳቶ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ከባድ መጋረጃ ይቆማል። ልጆቹ የሚተኩሱት በደረት ተኝተው፣ ቆመውና ተንበርክከው ነው። ለቆመ ተኳሽ የኢላማው እምብርት ከወለል 1.40 ሜትር ከፍ ይላል፤ በደረት ለተኛ ደግሞ ወደ ወለሉ ይጠጋል። በዚህ ምክንያት መከላከያው ከወለሉ ጀምሮ ከሰው ቁመት በላይ መድረስ አለበት። የሲሚንቶ ግድግዳን እንደ መከላከያ መቁጠር ስህተት ነው፤ ጥይት ይነጥርበታል።

መንጠር ካልን አይቀር፣ ቢቢ የሚባለው ክብ የብረት ጥይት ጉዳይ አለ። እሱም በአየር ይተኮሳል፤ ትንንሽ ልጆች በአምስት ሜትር የሚወዳደሩበት የራሱ ስፖርትም አለው። የእርሳስ ጥይት ጠንካራ ነገር ሲመታ ይጠፈጠፋል፤ የብረቱ ግን አይጠፈጠፍም፣ በኃይል ተነጥሮ ይመለሳል። ለእርሳስ በተሠራ የላሜራ ሳጥን ላይ ቢቢ መተኮስ ፈጽሞ አይፈቀድም። ሁለቱን ጥይቶች በአንድ መደርደሪያ ላይ አለማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው።

ለመብራት ብዙ ቃል አላባክንም፤ ኢላማው ከክፍሉ ይልቅ ደመቅ ብሎ መታየት አለበት፣ አምፖሎቹም የተኳሹን ዓይን ሳይወጉ ከላይ ወደ ኢላማው መዞር አለባቸው።

ወለሉ ላይ ሁለት መስመር በቀለም ፕላስተር ይሰመራል። አንዱ የተኩስ መስመር ነው። ሁለተኛው ከእሱ ሦስት ሜትር ያህል ወደኋላ ሆኖ ተራ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት ነው። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለ ትእዛዝ ማንም አይንቀሳቀስም። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሥራውም መምራት እንጂ ማሠልጠን አይደለም። አንዱን ልጅ ጎንበስ ብሎ ሲያርም ሌሎቹን አያይምና ሁለተኛ አዋቂ የግድ ያስፈልጋል።

ትእዛዞቹ አጭርና ሁልጊዜ ያው ናቸው፤ ወደ መስመር፣ አጉርስ፣ ጀምር፣ አቁም፣ አራግፍ። «አቁም» የሚለውን ግን አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው፣ ትንሹም ልጅ ቢሆን፣ ጮኾ ሊያዝ ይችላል። ይህ ለእኛ ልጆች በተለይ መደጋገም ያለበት ይመስለኛል። ታላቅን ማክበር ተምረው ያደጉ ልጆች አዋቂ ሲሳሳት እያዩ ዝም ሊሉ ይችላሉ።

«አቁም» ሲባል ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ በእጁ ያለ ልጅ ሊኖር ይችላል። በአየር ጠመንጃ የጎረሰን ጥይት ጎትቶ ማውጣት አይመችም። ልጁ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞረ እጁን ያነሳል፤ መሪው ሲፈቅድለት ወደ መከላከያው ተኩሶ ባዶ ያደርገዋል። ከዚያ የሁሉም ጠመንጃ ተከፍቶ፣ ደማቅ ቀለም ያለው ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ በበርሜሉ ውስጥ ይገባል። ዘንጉ በአፈሙዙም ጥይት በሚጎርስበትም በኩል ብቅ ብሎ ከታየ በርሜሉ ውስጥ ምንም የለም ማለት ነው። ብዙ ክለቦች ይህን የሚሠሩት ሣር ማጨጃ ማሽን ላይ ከሚገጠመው ወፍራም የናይለን ገመድ ቆርጠው ነው፤ ሳንቲም የሚያወጣ፣ ግን ማንም በሩቅ አይቶ የሚያረጋግጠው ማስረጃ ነው። መሪው አንድ በአንድ ካየ በኋላ ልጆቹ ጠመንጃውን አስቀምጠው ወደኋላ ይመለሳሉ። ኢላማ ለመቀየር ወደፊት የሚኬደው ከዚህ በኋላ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ወደፊት እስካለ ድረስ ማንም ጠመንጃ አይነካም።

ወላጆች ስለ ጥይቱ ይጨነቃሉ፤ ስለ እርሳሱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። በባሩድ በሚተኮስባቸው የቤት ውስጥ ቦታዎች አየሩ የሚበከለው በዋናነት ከጥይቱ መለኮሻና በቃጠሎው ከሚተን እርሳስ ነው። የአየር ጠመንጃ ሁለቱም የሉትም፤ ፍጥነቱም ዝቅ ያለ ስለሆነ ጥይቱ ላሜራ ላይ ሲያርፍ ከመድቀቅ ይልቅ ይጠፈጠፋል። ስለዚህ ትልቁ መንገድ በሳንባ ሳይሆን በእጅና በአፍ ነው። ልጁ ጥይት በጣቱ ይይዛል፣ ከዚያ ብስኩት ይበላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ያለማወላወል መፈጸም አለበት። በተኩስ ክፍል ውስጥ ምግብና መጠጥ አይገባም። ጥይት በአፍ መያዝ፣ አንዳንድ ልጅ የሚያደርገው ነው፣ በጥብቅ ይከለከላል። ልምምድ ሲያልቅ ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠባል። ኢላማው አካባቢ ያለው ወለል በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፤ ብናኙን ያስነሳዋል። በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ወይም ረቂቅ ብናኝ በሚያስቀር ማጣሪያ ባለው የአቧራ መሳቢያ ይጸዳል። ሳጥኖቹን ባዶ የሚያደርገው ጓንት ያደረገ አዋቂ ነው፤ ልጆችም እርጉዝ ሴቶችም ይህን ሥራ አይሠሩም። ክፍሉ የምሳ አዳራሽም ሆኖ የሚያገለግል ከሆነ፣ እኔ ሌላ ቦታ ይፈለግ ባይ ነኝ።

ጥሩ የውድድር ጠመንጃዎች የአየር ሲሊንደር አላቸው፤ የሲሊንደሩ የአገልግሎት ዘመን በአብዛኛው ከ10 ዓመት አያልፍም፣ ቀኑም ላዩ ላይ ተጽፏል። ጊዜው ያለፈበት አይሞላም።

የቀረው ማከማቻና ጉዞ ነው። ጠመንጃዎቹ በተቆለፈ ቁም ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቀመጣል። ጠመንጃው ከልጁ ጋር ወደ ቤት ባይመጣ እመርጣለሁ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የአየር ጠመንጃ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም፤ ኒው ጀርሲ ግን ይቆጥረዋል፣ ሌሎች ግዛቶችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ከሕጉ ይልቅ የሚያስፈራኝ መንገዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በክሊቭላንድ አንድ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ እውነተኛ በሚመስል የፕላስቲክ ጥይት መጫወቻ ሽጉጥ ምክንያት በፖሊስ ተገድሏል። ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ የአየር ይሁን የባሩድ አይለይም፤ የእኛም ልጆች ቆዳ ያው ነው። መሣሪያው የግድ ከቦታ ቦታ መሄድ ካለበት በተዘጋ ሳጥን፣ በአዋቂ መኪና፣ በአዋቂ እጅ ይሂድ።

ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት በልምምድ ቀን ሄዳችሁ ከኋላ መስመር ቁጭ በሉ። በኢላማው በኩል ያለውን በር እጀታ ራሳችሁ ሞክሩት። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ጠይቁ። ልምምዱ ሲያበቃም ቶሎ አትውጡ፤ ልጆቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ቦርሳቸው ይሁን ወደ ቧንቧው ተመልከቱ።