የመዥገር በሽታን ከኡጋንዳ ጋር ስናወዳድር

ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የክሪሚያን-ኮንጎ ትኩሳት ሕሙማንን በየጊዜው ታገኛለች። እኛ ዘንድ የበሽታውን ስም የሚያውቅ እንኳ ጥቂት ነው። ታዲያ እኛ ተርፈናል ማለት ነው? ድሬ ዳዋ ተቀምጬ እንዲህ ለማለት አልደፍርም።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ሰውን የሚይዘው መዥገር ሲነክሰው ወይም የተያዘ እንስሳ ደም ሲነካው ነው። ከብት፣ ግመል፣ በግና ፍየል ለአንድ ሳምንት ያህል ቫይረሱን በደማቸው ይዘው ምንም ሕመም ላያሳዩ ይችላሉ። ከሚታመሙት ሰዎች ግን ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ።

ቫይረሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ መዥገሮች ለይቶ አውጥቶታል። በ2016 ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ በመዥገሮች ላይ መገኘቱ ታትሟል። በእኛና በጅቡቲ መካከል ከብቱም ግመሉም ይመላለሳል፤ መዥገሩም አብሮ ይጓዛል።

ኡጋንዳ የምትለየው በመዥገር ብዛት አይመስለኝም። የተመረጡ ሆስፒታሎቿ የሚያጠራጥር ሕመምተኛ ሲያዩ ደሙን ወደ ኢንቴቤው የቫይረስ ምርምር ኢንስቲትዩት ይልካሉ፤ ውጤቱም ቶሎ ይመለሳል። የእኛም የበሽታ ቅኝት ሥርዓት እንዲህ ያሉ ደም የሚያፈሱ የቫይረስ ትኩሳቶች ወዲያውኑ ሪፖርት እንዲደረጉ ያዛል። ሪፖርት የሚጀምረው ግን ከጥርጣሬ ነው። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ለወባና ለታይፎይድ ብቻ ተመርምሮ ከተሸኘ ቁጥራችን ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሁለት አገሮችን ቁጥር ስናወዳድር ብዙውን ጊዜ የምናወዳድረው የፍለጋውን ትጋት ነው።

የጎረቤት ግኝት ለእኛም እንደሚደርስ ከተማችን በወባ አይታዋለች። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የከተማ ወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ተገኘች፤ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ታየች፤ በ2022 ደግሞ ድሬ ዳዋ ላይ ወረርሽኝ አስነሳች። ጎረቤት ያገኘው ለእኛ ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ነበር።

የጅቡቲውንም የመዥገር ግኝት እንዲሁ እንስማው። የጤና ባለሙያዎቻችን፣ ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሰው «ሥራህ ምንድን ነው? ከብት አርደሃል? መዥገር ነክሶሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቄራ የምትሠሩ፣ ከብትና ግመል የምትነግዱ ወገኖቼ፣ ደም በባዶ እጅ አትንኩ፤ መዥገርም በጣታችሁ አትጨፍልቁ። ሲያማችሁ ደግሞ ባትጠየቁም ሥራችሁን ተናገሩ። የከተማችን የሰውና የእንስሳት ጤና ቢሮዎች ያዩትን ቢለዋወጡ፣ ከጅቡቲም ጋር በቋሚነት ቢነጋገሩ፣ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ በጊዜ እናገኘዋለን።