ትንሿ ሳንቲም ከየት መጣች?

ዛሬ ሳንቲም ስትወድቅ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳት ሰው ጥቂት ነው። ዱሮ ግን ትንሿ ሳንቲም ለድሃው ትልቅ ነገር ነበረች። እንዴት? ቀስ ብለን እናንብብ።

በዱሮ ዘመን በጎጃም ገበያ ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር። ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል ቁጥር አለበት። ዋጋው ከባድ ነው። ታዲያ አንድ መርፌ ወይም አንድ እፍኝ በርበሬ የፈለገ ሰው ምን ይስጥ? ጠገራ ብር እንደ እንጀራ አይቆረስም!

ለዚህ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተጠርቦ ይመጣል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ቡሬ ደግሞ ሩቅ ነው። በዚያ ላይ አሞሌ ሲሰበር ዋጋው ይወድቃል፤ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል። በክረምት የድሃው ጥሪት ውሃ ይሆናል ማለት ነው።

መዳብ ግን አይሟሟም። የመዳብ ገንዘብ ላገራችን እንግዳ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ከወርቅና ከብር ሌላ የመዳብ ገንዘብም ያሠሩ ነበር። ብዙ ዘመን ቆይቶ ደግሞ አጼ ምኒልክ 1889 ዓ.ም. የሚል የተጻፈባት የመዳብ ገንዘብ አወጡ። ዋጋዋ የብር አንድ መቶኛ ነበር። «ሳንቲም» የሚለው ቃልም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ያው መቶኛ ነው።

በ1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ሳንቲሞች ሲወጡ የ1፣ የ5፣ የ10 እና የ25 ሳንቲም ከመዳብ፣ የ50 ሳንቲም ግን ከብር ማዕድን ተሠራ። የ25 እና የ50 ሳንቲም መጠናቸው ተቀራራቢ ነበር። አታላዮች ይህን አዩ። የ25 ሳንቲሟን መዳብ ብር እየቀቡ 50 ነው ብለው ይሰጡ ጀመር። ዋጋዋ በላይዋ ተጽፏል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ግን በምን ይወቅ? ስለዚህ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1952 የ25 ሳንቲም ዳር እንደ አበባ ቅጠል ወጣ ገባ እንዲሆን አደረገ። ማንበብ የማይችል ሰው በጣቱ ዳስሶ ይለያት ጀመር።

ጣት አንዷን ሳንቲም አወቀ። ፊደልና ቁጥር የሚያውቅ ዓይን ግን ሁሉንም ያውቃል፤ ደረሰኙንም፣ ሚዛኑንም፣ ውሉንም።

መልመጃ፦ አንዲት ሴት አራት ጊዜ 50 ሳንቲም ነው ተብላ 25 ሳንቲም ተቀበለች። ስንት ጎደለባት? ጽፋችሁ ደምሩ። አንድ ሙሉ ብር ነው።