መሰንቆና የእጅ ስልክ በደምቢያ

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወጥቶ ወደ ጎርጎራ የሚወርደው መንገድ የደምቢያን ሜዳ ሲይዝ፣ ጤፍና ሽምብራ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት ከሚያበቅለው መሬት መካከል ቆላ ድባ የምትባለው የወረዳው ከተማ ትገኛለች። የዚህች ከተማ ስም በመጻሕፍት የተነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከወባ ጋር ነው፤ በ1940ዎቹ ዓመታት ደምቢያን የመታው ወረርሽኝና በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መከፈት አብረው ሲወሱ ኖረዋልና፣ ስለ ዘፈኗና ስለ ጨዋታዋ የጻፈላት ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ግን በገበያ ቀን ከመንገዱ ዳር ባሉት ጠባብ ሱቆች ደጃፍ የቆመ ሰው «ዘፈንና ፊልም እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ያነባል፤ እህሉን ሸጦ የመጣው ገበሬም ከስልኩ ጀርባ ከጥፍር የማትበልጠውን ሜሞሪ አውጥቶ «ወንድምዓለም፣ ያን የሠርጉን፣ መሰንቆ ያለበትን ጫንልኝ» ሲል፣ ባለሱቁ ልጅ የማን ሠርግ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

የሚጫነው የታወቁ ዘፋኞች ሥራ ብቻ አይደለም። አንድ ጎረምሳ በጯሂት በኩል ከዳስ ውስጥ ቆሞ በእጅ ስልኩ የቀረፀው ጭፈራ፣ ሁለት ተማሪዎች ጋቢ ደርበው የሠሩት ቀልድ፣ የጥምቀት ዕለት በጎንደር ጎዳና የተያዘ እስክስታና ሆታ፣ ሁሉም በዩቲዩብና በቲክቶክ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ወርዶ በሜሞሪ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ብዙዎች ይህን የዘመኑ እንግዳ ነገር አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን ይበልጡን ስቱዲዮና ሸክላ ቆርጠው ጥለውት የነበረው አሮጌው ጨዋታ ወደ ቤቱ የተመለሰ መስሎ ይታየኛል፤ ሲመለስም አንድ ትልቅ ጉድለት ይዞ ነው።

ጉድለቱ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከአዝማሪው መጀመር ያስፈልጋል። በጎንደር አካባቢ የአዝማሪ መንደር ተብላ የምትታወቀው ቡርቧክስ እነሆ ትውልድ ከትውልድ ያፈራቻቸው ባለሙያዎች የሚይዙት መሰንቆ፣ አካሉ በቆዳ የተወጠረ፣ አውታሩም ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ብቻ ነው፤ ጥበቡ ግን ከአውታሩ ይልቅ በመቀባበሉ ላይ ይገኛል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውር፣ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልሳል፤ ከራሱም ጨምሮ ሰጪውን ያወድሰዋል፤ እጁ ያጠረ እንደ ሆነም በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ወጋ ያደርገዋል። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ዘፈን የማን ድርሰት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ የአዝማሪው ብቻ ነው ብሎ የሚመልስ ሰው ከዚያ ዳስ ውስጥ ያልነበረ ሰው ነው።

ድምፅን የሚይዝ መሣሪያ ሲመጣ አስቀድሞ የጠፋው ይኸው መቀባበል ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ ሲያስቀርፁ፣ ፊታቸው የነበረው ተቀባይ ታዳሚ ሳይሆን የመሣሪያው አፍ ነበር፤ የሸክላው አንድ ገጽም ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይዝም ነበርና፣ ሌሊቱን የሚያነጋው ጨዋታ በዚያ ልክ መታጠፍ ነበረበት። ከዚያም በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም፣ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ሥራውን ሲጀምር፣ አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ሲጀምርና በኋላም ካሴት በየቤቱ ሲገባ፣ ጥቅሙ ብዙ ቢሆንም፣ ይህ ይሰማ ያ ይቅር የሚል መራጭ ዘወትር በመካከል ቆሞ ኖሯል። የደምቢያ ልጅ ድምፁ እንዲሰማለት ቢሻ፣ ወይ እንደ ፋሲለደስ ባለው የጎንደር የኪነት ቡድን መግባት፣ ወይም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ መውረድ ነበረበት።

ጃፓናዊው የባህል ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት የጎንደርን የአዝማሪ ልጆች በፊልም ሲቀርፅ፣ ካሜራው ከሩቅ አገር የመጣ የእንግዳ ንብረት ነበር። በዚያው ዘመን፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ጃዊድ ካሪም የተባለ ወጣት በአሜሪካ አገር በሳን ዲዬጎ የአራዊት ማቆያ ከዝሆኖች ፊት ቆሞ ስለ ኩምቢያቸው ርዝመት ሲናገር የሚታይበት የ19 ሰኮንድ ሥዕል የዩቲዩብ የመጀመሪያው ቪዲዮ ሆነ። ጥበብም ቀልድም የሌለበት ይህ ነገር ቁም ነገሩ ሌላ ነበር፤ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ለዓለም መታየት እንደሚቻል አሳየ።

ቆላ ድባ ላይ ይህ እንዴት እንደሚሠራ ቀርቦ ማየት ደስ ያሰኛል። ስልኩ በቢራ ሳጥን ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ ይሁን እንጂ ስልክ ለንግግር የተሠራ ነውና፣ አንዳንዱ ሳያቋርጥ የሚሰማውን ድምፅ እንደ ሁካታ ቆጥሮ ያሳንሰዋል፤ ሳያቋርጥ የሚያንጎራጉረው ደግሞ መሰንቆው ራሱ ነው። ከበሮው በተመታ ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቃል፤ እልልታው ሲቀልጥም ዘፋኙ ከሥሩ ይሰምጣል። ነገሩ የገባቸው ልጆች ሁለተኛ ስልክ ከአዝማሪው ጉልበት አጠገብ አስቀምጠው ድምፁን ለብቻ ይቀዱና፣ ካፕከት በሚባለው መሥሪያ ከሥዕሉ ጋር ያጋጥሙታል። እንዲህ ተሠርቶ 40 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ሰው በካሜራው ፊት የሚያልፍበት፣ ሕፃን የሚያለቅስበት የዳስ ቪዲዮ፣ ጭስ ከሚነሰነስበትና ኦርጋን መሰንቆውን ከሚውጥበት የከተማ ክሊፕ ይልቅ ለእኔ ይጥመኛል፤ ዘፋኙ ቃል ሲጠፋው፣ ሰው ሲያቀብለው፣ እርሱም ስቆ ሲቀበል ይታያልና።

በቪዲዮ የተያዘው ግን አይለወጥም፤ ያልሁት ጉድለት ይህ ነው። በቅኔ ቤት ሥርዓት ትናንት የተቀኙትን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፤ ቅኔ ለዕለቱ በዓልና ለዕለቱ ማኅበር ተዘርፎ ያልፋል። በጎንደር በዓታ ያስተማሩት የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና፣ በትውፊት እንደሚነገረው የጣናን ማዕበልና በዳሩ የሚወዛወዘውን ሸምበቆ ተመልክተው ያወጡትን፣ ልጃቸው ተክሌ አስፋፍቶት በስሙ የተጠራውን የአቋቋም ስልት ለሊቃውንቱ ትተው ሲያልፉ፣ ቀልዳቸውን ለተራው ሕዝብ ትተውለታል፤ ያም ቀልድ ያለ ካሴትና ያለ ስልክ አገር ለአገር የዞረው ተራኪው ሁሉ ከራሱ እየጨመረበት፣ እርሳቸው ያላሉትንም በስማቸው እያለ ነው። የዛሬው ወጣት ቀልደኛ ይህ ዕድል የለውም። ያሳቀው ቪዲዮ አንዴ ብዙ ሰው ያየለት እንደ ሆነ፣ ተመልካቹ ያንኑ ነገር በሌላ ልብስ ደግሞ እንዲያመጣለት ይጠብቃል፤ እርሱም ያመጣል።

ስለ ቀልዱ ያለኝ ምስጋና እንግዲህ ሙሉ አይደለም። እነ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ ባሳቁበት ዘመን ቀልድ በበዓል ቀን ከቴሌቪዥን የሚጠበቅ ነገር ነበር፤ አሁን በየዕለቱ መቅረብ ስላለበት ቀጠነ። ከሁሉ የሚከፋው የከተማ ልጅ በረባሶ ተጫምቶ፣ ዱላ በትከሻው አጋድሞ፣ የገጠሩን ሰው አነጋገር እያጎላ፣ ባላገር ስልክ አያውቅም በሚል አንድ ሐሳብ ብቻ ሳቅ ሲለምን ነው፤ ከዚያም አልፎ ከገበያ የሚመለሱ እናትን መንገድ ላይ አስደንግጦ፣ ፈቃዳቸውን ሳይጠይቅ ድንጋጤያቸውን ለሕዝብ የሚያሳይ አለ። ይህ በጨዋ ቋንቋ ድፍረት ይባላል። ገበሬው በእህል ተራ ደላላውን በነገር ጠልፎ የሚረታበት ቀልድ ሲገጥመኝ ግን፣ የአለቃ ገብረ ሐና ወንዝ ገና እንዳልደረቀ አያለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዩቲዩብ ከማስታወቂያው ገቢ ለማካፈል በተለመደው ደንቡ 1,000 ሳብስክራይበርና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት ይጠይቃል። ይህ በደቂቃ 240,000 ነው፤ ተመልካቹ ሁሉ በአማካይ 4 ደቂቃ ቢያይ፣ ቪዲዮዎቹ 60,000 ጊዜ መታየት አለባቸው ማለት ነው። በሜሞሪ አስጭኖ ጎተራው ሥር ተቀምጦ አሥር ጊዜ የሚያየው ገበሬ ደግሞ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ዘፋኙን ከማንም አብልጦ የሚወደው ተመልካች ለዘፋኙ ሳንቲም አያመጣለትም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. እነ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ተዘግተው ለወራት ሲቆዩ፣ ከዚያም በሐምሌ ወር መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የዘፈኑን መዞር ሳይቋረጥ ያቆየው ይኸው የማይቆጠረው መንገድ፣ ማለት ሜሞሪው ነበር።

ጠፍቶ የነበረው መቀባበል ደግሞ ሳይታሰብ በሌላ በር መግባት ጀምሯል። በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ላይ አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲቀርብ፣ በዋሽንግተን ወይም በሪያድ ያለ የደምቢያ ልጅ የአባቱን ስምና የትውልድ ቀበሌውን ይጽፍለታል፤ ጊፍት የሚሉትንም ሽልማት ይልክለታል፤ አዝማሪውም ስሙን ከነአገሩ በግጥም አሳምሮ ይመልሳል። ሌላው ደግሞ ከሥር ሁለት ስንኝ ጽፎ ተቀበል ይለዋል። መስመሩ ስለሚዘገይ ስንኙ የሚደርሰው ዜማው ካለፈ በኋላ ነው፤ አዝማሪው ግን ጣቱን ከአውታሩ ሳያነሣ ያነበዋል፤ ቤት ያልመታለትንም ቃል እዚያው አቃንቶ ይዘፍነዋል፤ ላኪው የሰደደው የጽጌረዳ ጊፍት አንሶት እንደ ሆነም ይህንኑ ከመንገር አይመለስም።