የተወሰነ ሰዓት፣ ያልተቋረጠ እንክብካቤ፦ የከፊል ጊዜ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በአጥቢያ

በአእምሮ ሕመም የሚቸገር ምእመን ወይም ቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ ከጤና ጣቢያ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። የንስሐ አባቱን ያማክራል፤ ጸበል ይጠመቃል፤ ጽዋ ማኅበሩም ችግሩን ይሰማል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት በአጥቢያቸው የሚገኙ ነርሶችን፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎችን፣ መምህራንንና ዲያቆናትን በሳምንት ጥቂት ሰዓት በዚህ አገልግሎት ለማሰማራት ቢያስቡ አሳቡ የሚደገፍ ነው። ሆኖም የአገልጋዩ ሰዓት የተወሰነ ሲሆን ሕመሙ ግን ሰዓት አይጠብቅም። ይህ አስቀድሞ ካልታሰበበት፣ በበጎ ፈቃድ የተጀመረው ሥራ ለሕመምተኛው ተስፋ ሰጥቶ በጭንቅ ሰዓት ብቻውን ሊተወው ይችላል። አገልግሎቱ እንዴት ቢደራጅ ከዚህ ጉዳት እንደሚጠበቅ ከዚህ በታች እናብራራለን።

የትርፍ ጊዜና የከፊል ጊዜ ልዩነት

በልማድ ሁለቱ አጠራሮች ይቀላቀላሉ። የትርፍ ጊዜ አገልግሎት ከሌላ ሥራ በተረፈ ሰዓት የሚሰጥ ነው፤ በአንዱ ሳምንት ይኖራል፣ በሌላው ይቀራል። የከፊል ጊዜ አገልግሎት ግን ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ፣ ኃላፊነቱ የተጻፈ፣ ተጠሪነቱም የተለየ አነስተኛ ሥራ ነው። ለአእምሮ ሕመምተኛ የሚበጀው ይህኛው ነው። በድባቴ የተያዘ ሰው ከብዙ ትግል በኋላ ከቤቱ ወጥቶ፣ በሩን ዝግ ቢያገኘው ዳግመኛ ላይመጣ ይችላልና።

በዚህ ረገድ የዚምባብዌ ልምድ አስተማሪ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ፣ ምባሬ በተባለው ሰፈር፣ በማኅበረሰብ ጤና ሥራ ላይ ከነበሩ 14 አረጋውያት እናቶች ጋር «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» የተባለውን አገልግሎት ጀመሩ። እናቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ በተቀመጠ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው የተጨነቀውን ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግለትም ይረዱታል። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን አካትቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ ይህን አገልግሎት ያገኙት ሰዎች የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት ይልቅ የድባቴና የጭንቀት ምልክታቸው ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል። እናቶቹ ሐኪሞች አልነበሩም። ነገር ግን የሚገኙበት ቦታ የታወቀ ነበር፤ የውይይቱ ክፍለ ጊዜም በቁጥር የተወሰነ ነበር፤ ከዐቅማቸው በላይ የሆነውን የሚያስተላልፉለት ባለሙያም ነበራቸው።

ከደጉ ሳምራዊ የምንማረው

ጌታችን በወንጌለ ሉቃስ ምዕራፍ 10 ያስተማረው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ለዚህ አገልግሎት ጥሩ መመሪያ ይሆናል። ሳምራዊው በራሱ ጉዳይ መንገደኛ ነበር። ቁስለኛውን ባየ ጊዜ በእጁ ባለው ዘይትና ወይን ረዳው፤ በእንስሳው ጭኖ ወደ እንግዶች ማረፊያ አደረሰው፤ በማግሥቱ ለማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፍሎ አደራ ሰጠና እንደሚመለስ ቃል ገብቶ መንገዱን ቀጠለ። ሙሉ ጊዜውን ባይሰጥም ቁስለኛው ያለ ጠባቂ ያደረበት ሌሊት የለም። በከፊል ጊዜ የሚያገለግል ሁሉ እነዚህን ሦስት ነገሮች ማሟላት ይኖርበታል፤ በእጁ ያለውን ያደርጋል፣ ለሚመለከተው ያስረክባል፣ በተናገረው ቀን ይመለሳል።

አገልጋዩ የሚሠራውና የማይሠራው

የአጥቢያው አገልጋይ ያዳምጣል፤ የሐኪም ቀጠሮ ያስታውሳል፤ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ያጅባል፤ ቤተሰቡን ይጎበኛል፤ የተገለለውን ወደ ማኅበሩና ወደ እድሩ ይመልሳል። ለሕመሙ ስም አይሰጥም፤ መድኃኒት አያዝዝም፣ አይቀንስም፣ አያስቆምም። አገልጋይዋ በመደበኛ ሥራዋ ነርስ ብትሆንም እንኳ በአጥቢያ አዳራሽ የምትሰጠው አገልግሎት ሕክምና እንዳልሆነ ለሁሉም ግልጽ መሆን አለበት።

ቀጠሮ የማይሰጣቸውን ሁኔታዎች ማወቅም የአገልጋዩ ግዴታ ነው። ራሱን ለመግደል የሚያስብ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ፀረ ተባይና የተከማቸ መድኃኒትም ከአጠገቡ ይርቃል። ስለዚህ አሳብ በርኅራኄ መጠየቅ አሳቡን አያሳድርበትም፤ ይልቁንም የመናገሪያ በር ይከፍትለታል። ለብዙ ጊዜ በየዕለቱ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው አልኮልን በድንገት ሲያቋርጥ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢቃዥ ወይም የሚጥል ሕመም ቢነሣበት ለሞት ሊያደርሰው ስለሚችል ፈጥኖ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆየ የሚጥል ሕመምም እንዲሁ አስቸኳይ ነው።

ሰዓቱ፣ ርክክቡና ተጠሪነቱ

ለምሳሌ አንዲት ነርስ ማክሰኞ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት እንድታገለግል ተመደበች እንበል። ሐሙስ ሌሊት አንድ ሕመምተኛ ቢታወክ ቤተሰቡ ማንን ይጠራል? መልሱ «እርስዋን» ከሆነ አራት ሰዓት የተባለው ሥራ የሌሊትና የቀን ሥራ ሆኗል፤ ብዙም ሳይቆይ ደክማ ትተወዋለች። መልሱ «ማንንም» ከሆነ ደግሞ ሕመምተኛው ተጥሏል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል፣ ተተኪው አገልጋይና መጓጓዣ የሚያቀርበው የኮሚቴ አባል በአንድ ወረቀት ተጽፈው ለቤተሰቡ ሊሰጡ ይገባል።

አገልጋይዋ የምትይዘው መዝገብ አጭርና ቁልፍ ባለው ሣጥን የሚቀመጥ ይሁን። ቀጣዩ ቀጠሮ፣ የታየው ለውጥና የተላለፈበት ተቋም ይበቃል። ምሥጢሩ ለሰበካ ጉባኤው ስብሰባ አይቀርብም፤ ኮሚቴው የሚያስፈልገው የተገልጋዮች ቁጥር ነው እንጂ ስማቸው አይደለም። በተለይም የንስሐ አባት በምሥጢረ ንስሐ የሰማው ከዚህ መዝገብ ፈጽሞ የተለየ ስለሆነ፣ የአንድ ሰው የንስሐ አባት ለዚያው ሰው መዝገብ ያዥ ባይሆን ይመረጣል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሙሉ ቀን ሠርቶ የሚመጣ አገልጋይ የሚችለው ጥቂት መሆኑን ኮሚቴው ይረዳ ዘንድ ይገባል። የመጓጓዣ አበል፣ የዕረፍት ሳምንትና ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ከጤና ጣቢያው ባለሙያ ጋር የምክክር ጊዜ ሊመደብለት ያስፈልጋል። የሰው ሐዘን ዘወትር የሚሰማ ሰው የሚሰማው ሌላ ሰው ያሻዋል።

ጸበልና መድኃኒት

አገልጋዩ ደጋግሞ የሚገጥመው ጥያቄ «ጸበል እየተጠመቅሁ መድኃኒቱን ልተወው ወይ?» የሚል ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። በእንጦጦም አጥማቂ አባቶችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማንን የረዱበት ልምድ አለ። ይህ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። የሚጥል ሕመም መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስ ይችላል። የድባቴ መድኃኒት ጥቅሙ እስኪታይ ጥቂት ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «አልረዳኝም» ብሎ መተው የተለመደ ነው። ሊትየም የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይጠጣ ረጅም ሰዓት ቢጾም መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከመጠን በላይ ሊከማች ይችላል። ስለዚህ የንስሐ አባትና ሐኪሙ ስለ ጾሙ አስቀድመው ቢመካከሩ መልካም ነው፤ ለሕሙማን ጾምን ማቅለል በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የታወቀ ነውና። ሕመምተኛን በሰንሰለት አስሮ ማቆየት ግን በየትኛውም ስፍራ ሊፈቀድ አይገባም፤ ይህን ያየ አገልጋይ ለደብሩ አስተዳዳሪና ለጤና ጣቢያው ያሳውቅ።

ከመመደብ በፊት

እንግዲህ ሰበካ ጉባኤው አገልጋይ ከመመደቡ በፊት በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ላይ ይወያይ። አገልጋዩ የሚገኝባቸው ቀናትና ሰዓታት በደጁ ተለጥፈዋልን? እርሱ በሌለበት ሰዓት የሚጠራው ማን ነው? በሙያ የሚቆጣጠረው የጤና ተቋም ተስማምቷልን? ቢታመም ወይም ቢለቅ ተገልጋዮቹን የሚረከበው ማን ነው? አራቱም መልስ ካገኙ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ቢሆንም ይጀመር፤ ካላገኙ ግን መልሱ እስኪገኝ መቆየቱ ይሻላል። በጥቂቱ የታመነ አገልግሎት ሕመምተኛው የሚደገፍበት ምርኩዝ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።