«የግራኝ ድንጋይ» ደጃፍ ላይ

ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ጢያ ላይ ወረድን። ባለቤቴ ግን ከአጥሩ በር አላልፍም አለች።

«አገሬው ‹የግራኝ ድንጋይ› ይለዋል። ጣዖት ቢሆንስ?»

ጥያቄዋን ወደድኩት፤ ሳያጣሩ መግባት ደግ አይደለም።

በ1980 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ ስፍራ የጥንት መካነ መቃብር ነው። ከ36ቱ ትክል ድንጋዮች 32ቱ የተቀረጹ ሲሆኑ፣ ሰይፍ በብዛት ይታይባቸዋል፤ የሌሎቹ ምልክቶች ፍቺ አብዛኛው ገና አልተገኘም። ኢማም አሕመድ ደግሞ የ16ኛው ምዕተ ዓመት ሰው ናቸው፤ አጥኚዎች በቁፋሮ ያገኟቸው መቃብሮች ግን ከእርሳቸው ዘመን ይቀድማሉ። ታዲያ ያልተከሉትን ድንጋይ ለምን እናሸክማቸዋለን?

ይህን ስነግራት ገባች። አስጎብኚው ከተቀበሩት ብዙዎቹ ወጣቶች እንደነበሩ ሲያወሳ፣ ሰይፍ ከተቀረጸበት ከአንዱ ድንጋይ ፊት ቆማ «እናቶቻቸውስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።