«ጥምር ጫና»፦ ስለ ሰብል ጉዳት ስያሜ

የሰብል ሥነ ሕይወትን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ከሚቸገሩባቸው ቃላት አንዱ፣ ዕፀዋት ከአካባቢያቸው የሚደርስባቸውን መከራ የሚያመለክተው ስያሜ ነው። አንዳንዶች «ጭንቀት» ይሉታል፤ ሌሎች «ውጥረት» ይሉታል። ገብስ ግን አይጨነቅም፤ ውጥረትም ለገመድና ለቆዳ የተስማማ ቃል ነው። እኛ «ጫና» የሚለውን እንመርጣለን። ጫና ከውጭ የሚመጣ፣ መጠን ያለው፣ ተሸካሚውም እስከ አንድ ልክ ድረስ የሚችለው ነገር ነውና።

ችግሩ የሚብሰው ሁለትና ሦስት ጫናዎች በአንድ ጊዜ ሲወርዱ ነው። ገበሬው ሰብሉን «ውርጭ መታው»፣ «ድርቅ መታው»፣ «ዋግ መታው» ይላል። ግሱ አንድ መቺና አንድ ተመቺ ይፈልጋል። «ድርቅና ሙቀት መታው» ብንል እንኳ ሁለት ምት ይቈጠራል እንጂ፣ ሁለቱ ተባብረው ሌላ ዓይነት ጉዳት ማድረሳቸው አይታይም። (ሕዝቡ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት እልቂት፣ ድርቅና አንበጣ በአንድነት የወረዱበትን ዘመን «ክፉ ቀን» ብሎ መሰየሙ፣ ለጥምረቱ ራሱን የቻለ ስም እንዳስፈለገው ያሳያል።)

ነገሩ በእርግጥም ድምር አይደለም። ሮን ሚትለር የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጽሑፍ፣ የተጣመሩ ጫናዎች ራሳቸውን እንደ ቻለ ጫና ሊጠኑ እንደሚገባ አመልክተዋል። ሙቀት ብቻ ሲበረታ ተክል የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከፍቶ፣ ውሃ በማትነን ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ውሃ ብቻ ሲጐድል ደግሞ ዘግቶ ይቈጥባል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ቢዘጋ ይግላል፣ ቢከፍት ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአኩሪ አተር ላይ የታተመ ጥናት፣ በእንዲህ ያለው ጊዜ ቅጠሉ ቀዳዳዎቹን ሲዘጋ አበባው ክፍት እንደሚያደርግ አሳይቷል።

የውጭው ጽሑፍ አዘውትሮ የሚያነሣው ሙቀትንና ድርቅን ነው። ለመተማ ማሽላ ይህ ይበቃል፤ ለደባርቅና ለዳባት ደጋ ግን አይበቃም። በዚያ ክረምቱ ዘግይቶ ሲገባ ገብሱ ዘግይቶ ይዘራል፤ ስለዚህም የሚዘረዝርበትና የሚያብብበት ጊዜ ወደ ጥቅምትና ኅዳር ይገፋል። ያን ጊዜ ዝናቡ ቆሟል፤ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ይበርዳል። የደረቀ አፈር የቀን ሙቀትን አምቆ ስለማያቈይ ውርጩን ያጠነክረዋል። እንግዲህ ድርቁ ውሃ ከመንሣቱም በላይ ሰብሉን ለውርጭ አሳልፎ ይሰጠዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ አንሶ በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት አዝመራው በጠፋ ጊዜ ጉዳቱ በአብዛኛው የተነገረው «ድርቅ» በሚለው ነጠላ ስም ነበር። በአንድ ስም የተጠራ ጉዳት የሚጋብዘው አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ድርቅን የሚችል ዘር ሁሉ ግን ውርጭን አይችልም።

የመራቢያው ክፍል ስያሜ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በስንዴና በገብስ አደጋው ከሚከፋባቸው ወቅቶች አንዱ፣ ዛላው ከቅጠሉ እቅፍ ሳይወጣ የአበባው ብናኝ የሚሠራበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ ውሃ ቢጐድል ብናኙ ስታርች ሳያከማች ይቀራል፤ የሴቴው ክፍል ግን በአብዛኛው ደኅና ነው። ዛላው ወጥቶ ለዓይን ያምራል፤ ሲወቃ ግን ገለባ ነው። ይህን፣ እሸቱ ከያዘ በኋላ ፍሬው ከሚያንስበት ሁኔታ ጋር ደባልቆ «የምርት መቀነስ» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። የፊተኛው የፍሬውን ቍጥር፣ የኋለኛው ክብደቱን ይነካል፤ ዘግይቶ የመጣ ዝናብ ክብደቱን ሊረዳ ይችላል፣ የጠፋውን ቍጥር ግን እምብዛም አይመልስም። ቃላቱ ከገበሬው አፍ አሉልን፦ ብናኙ «መከነ»፣ ዛላው «ፍሬ አልያዘም»፣ ፍሬው «ቀጨጨ»። ለየደረጃው አንዳንዱን መመደብ እንጂ አዲስ ቃል ከግእዝ መቅረጽ እዚህ ላይ የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ለዋናው ስያሜ ሁለት ቃላት ተወዳድረዋል፤ «ተደራራቢ ጫና» እና «ጥምር ጫና»። መደራረብ አንዱን በሌላው ላይ መከመር ነው፤ ስለዚህ ጫናዎቹ ተከታትለው ለሚወርዱበት፣ ለምሳሌ የሐምሌ በረዶ የጐዳውን ሰብል መስከረም ላይ ዋግ ሲያገኘው፣ እንዲውል እናሳስባለን። «ጥምር ጫና» ግን በአንድ የዕድገት ደረጃ አብረው ለሚገኙና አንዱ የሌላውን ጠባይ ለሚለውጥባቸው ብቻ ይጠበቅ። በመዝገበ ቃላቱም ፍች ሥር «የጫናዎች ድምር» የሚለው ሐረግ እንዳይገባ፤ ምሳሌውም የደጋው ገብስ ከነድርቁና ከነውርጩ ይሁን።