ኮንዶምን በሚገባ ስለ መጠቀም

ኮንዶም ማለት ላቴክስ ከሚባል ስስ ጎማ የሚሠራ፥ በሩካቤ ጊዜ በወንድ አባለ ዘር ላይ የሚጠለቅ ከረጢት ነው። ሥራውም የወንዱ ዘር ወደ ሴቲቱ እንዳይፈስ፥ የአንዱም ደዌ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ በሁለቱ መካከል እንደ ግድግዳ መቆም ነው። በዚህም ኤች አይ ቪን፥ ጨብጥንና እነዚህን የመሰሉትን ደዌያት፥ ያልታሰበ እርግዝናንም ይከላከላል።

ሰው እንዲህ ያለ መከላከያ መፈለግ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ጋብርኤሌ ፋሎፕዮ የተባለው ኢጣልያዊ ሐኪም ስለ ቂጥኝ የጻፈው መጽሐፍ እርሱ ከሞተ በኋላ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1564 ዓ.ም. ሲታተም፥ ከበፍታ ስለ ተሠራ መሸፈኛ የሚናገር ቃል ተገኝቶበታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ጎማን በድኝና በሙቀት ማጠንከር ከታወቀ ወዲህ ግን ከጎማ ይሠራ ጀመር። በኢትዮጵያም የኤድስ ሕሙማን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 መጀመሪያ ከታወቁ በኋላ ጥቅሙ ለብዙ ሰው ተገለጠ። እንግዲህ ዕቃው ከዘመን ወደ ዘመን ተሻሽሏል፤ ዕቃውን የሚይዘው እጅ ግን መማር ያስፈልገዋል።

ይህም በቍጥር ይታወቃል። ባልና ሚስት ዓመቱን ሙሉ ሁልጊዜና በሚገባ ቢጠቀሙበት፥ ከ100 ሴቶች መካከል የሚያረግዙት 2 ያህል ብቻ ናቸው። አንድ ጊዜ እየረሱ፥ አንድ ጊዜም እየተሳሳቱ ከሚጠቀሙት 100 መካከል ግን 13 ያህል ያረግዛሉ። በ2ና በ13 መካከል ያለው ልዩነት የአጠቃቀም ጉድለት ነው እንጂ የጎማው ጉድለት አይደለም፤ የአጠቃቀምን ጉድለት ደግሞ ትምህርት ሊያቃናው ይችላል።

ከመጠቀም በፊት። አስቀድሞ በማሸጊያው ላይ የታተመው ቀን ያላለፈ መሆኑን መመልከት ይገባል። ቀጥሎ ማሸጊያውን በጣት ጫን ሲሉት እንደ ትንሽ ትራስ አየር ይዞ ከተገኘ ደኅና ነው፤ አየሩ ወጥቶ ከተለጠፈ ግን ተበስቷልና ይጣል። ሙቀት ጎማን ስለሚያበላሸው በፀሐይ፥ በምድጃ አጠገብ፥ ወይም በሱሪ ኪስና በገንዘብ ቦርሳ ውስጥ ብዙ ቀን አይቀመጥ። ማሸጊያው የሚቀደደው ከጠርዙ በእጅ ነው፤ በጥርስ ወይም በምላጭ የሚቀድ ሰው በውስጥ ያለውን ሳያውቀው ሊበሳው ይችላል።

በመልበስ ጊዜ። ኮንዶም የሚጠለቀው አባለ ዘሩ ከቆመ በኋላ፥ ሩካቤም ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ዘር ከመፍሰሱ አስቀድሞ የሚወጣው ጥቂት ፈሳሽ ደዌን ሊያስተላልፍ ይችላልና። ያልተገረዘ ሰው ሸለፈቱን ወደ ኋላ ይመልስ። የተጠቀለለው ጠርዝ በውጭ በኩል መሆኑን ካዩ በኋላ፥ ጫፉን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ አየሩን ማስወጣት፥ በሌላውም እጅ እስከ ሥሩ ድረስ መተርተር ያስፈልጋል። ጫፉን መቆንጠጥ ዘሩ የሚያርፍበት ስፍራ እንዲኖር ነው፤ አየር ከቀረበት ግን ሊፈነዳ ይችላል። ተገልብጦ አልተረተር ያለ እንደ ሆነ መልሶ አይለበስም፤ ውጭ የሚሆነው ፊት ፈሳሹን ነክቷልና ይጣል፥ አዲስም ይወሰድ። ሁለት ደርቦ መልበስም የሚያጠነክር ይመስላል፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ይቀደዳሉ።

ስለ ቅባት። ቅቤ፥ ቫዝሊን፥ የምግብ ዘይትና ሌላም ዘይት ያለበት ቅባት ሁሉ ላቴክስን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያደክመዋል። ማለስለሻ ያስፈለገ እንደ ሆነ ለዚሁ ሥራ በውሃ የተዘጋጀው ይወሰድ።

ከሩካቤ በኋላ። ዘር ከፈሰሰ በኋላ አባለ ዘሩ ገና ሳይላላ የኮንዶሙን ጠርዝ ከሥሩ ይዞ መውጣት ይገባል፤ ከላላ በኋላ የሚወጣ ሰው ኮንዶሙ ተንሸራቶ የያዘውን ሊያፈስበት ይችላል። ከዚያም ቋጥሮና በወረቀት ጠቅልሎ፥ ሕፃናት ከማያገኙት ጉድጓድ መጣል ነው። አንድ ኮንዶም ለአንድ ሩካቤ ብቻ ነው፤ ታጥቦ ዳግመኛ አይለበስም።

ቢቀደድ ወይም ቢወልቅ። ወዲያው ማቆም፥ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ እርሱም 28 ቀን ይወሰዳል። እርግዝናን የሚከላከለው ድንገተኛ መድኃኒት እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ፈጥኖ የወሰደችው ይበልጥ ትጠቀማለች። ደግሞም ኮንዶም የሚከላከለው የሸፈነውን ስፍራ ብቻ ነው። የቂጥኝ ቁስል ከእርሱ ውጭ በሆነ ገላ ላይ ቢኖር ሊተላለፍ ስለሚችል፥ ቁስል ያየ ሰው አስቀድሞ ለሐኪም ይታይ።

አንዳንድ አረጋውያን ይህን ነገር በጉባኤ መናገር ነውር ነው ይላሉ። ንጽሕናን መጠበቅና በአንድ ጸንቶ መኖር የሚለው የአባቶች ምክር በዚህ ትምህርት አይሻርም። ነገር ግን ከባልና ሚስት አንዱ ቫይረሱ በደሙ የሚገኝበት ቤት አለ፤ ልጆቻቸውን አራርቀው ለመውለድ የሚፈልጉም አሉ። እነዚህ በሕጋዊ ጋብቻ ሳሉ ኮንዶም ያስፈልጋቸዋል። ሚስትም ኮንዶም ይሁን ብላ ብትጠይቅ ሕይወትን መጠበቋ ነውና እንደ ስድብ አይቆጠርባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፥ ስለ በሽታው መከላከያ ዝም ያለም ሰው ጎረቤቱን አይጠቅምም።

ስለዚህ አስተማሪው ለጎልማሶች በእንጨት ወይም በበቆሎ ራስ ላይ እያሳየ ያስተምር፤ ይህም ምሳሌ መሆኑን፥ እውነተኛውም የሚለበሰው በአባለ ዘር ላይ መሆኑን ሳያፍር በግልጥ ይናገር። ትእዛዙንም ከነምክንያቱ ይስጥ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ወይም ወደ መተማ የሚወርደው ጎልማሳ ከሽማግሎችም ከአስተማሪውም ይርቃልና፥ በዚያ ትእዛዙን ብቻ የሰማ ሊረሳው ይችላል፤ ምክንያቱን ያወቀ ግን ራሱንም የቤተ ሰቡንም ሕይወት ይጠብቃል።